የሞተ ያበላል

ማኒቶዎክ፣ ዊስኮንሲን
ኖቬምበር 19 ቀን 1983

ለኖርበርትና ለማርሊስ ዴልቮ፣

እንዴት ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን። ሐይቁም፣ ነፋሱም፣ የእኔም ጉልበት እንደተዋችኋቸው ናቸው። ኤልሮይ ለአጋዘን አደን ብሎ አንድ ሳምንት ጫካ ተጎልቶ ጉንፋን ብቻ ይዞ ተመለሰ። ፔግ ከቤተ መጻሕፍቱ ስትወጣ ሱቄ ብቅ ብላ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ኖርብ፣ አዎ፣ በፖስታ መጫወት ይቻላል። ፋብሪካው ተዘግቶ ኦክላሆማ ድረስ ስለተሰደዳችሁ ገጸ ባሕሪዎቻችሁ፣ ብሮምና እሜቴ ኮሸሽላ፣ በቃል ከምንፈጥረው የጀብዱ ጨዋታ አይሰረዙም። ድንኩ ያንተ፣ ፈዋሿ የማርሊስ እንደሆኑ ይቀጥላሉ። እናንተ የሚያደርጉትን ትጽፋላችሁ፤ እኔ ቅዳሜ ምድር ቤቴ ውስጥ ለሁሉም አነባለሁ፤ ኤልሮይ ስማችሁን ጠርቶ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ በሰው ፊት ይጥለዋል። የወጣው ወጣ። ዳኛ ከሆንኩ ጀምሮ የተጣለ ዳይስ መልሼ አላውቅም፣ ፖስታ መሐል ስለገባም አልጀምርም።

ስለ ወጥመዶቹ መርዝ የጻፍከውን አራት ገጽ አነበብኩት። በአንድ ዳይስ ሰው መግደል ነውር ነው ትላለህ። ወይ አንተ! ሞት የሌለበት ዋሻ ጓዳ ማለት ነው። ጓዳው ስለገባ ጀግና የተባለ ሰው አላየሁም። አንተ ደግሞ የደንቡን መጽሐፍ እንደ ሕገ መንግሥት እያገላበጥክ ከሞት የምታመልጥበትን አንቀጽ ትፈልጋለህ። የለም። ፈልጌዋለሁ።

ማርሊስ፣ በገጹ ግርጌ በአረንጓዴ ብዕር የጻፍሽልኝ ስድብ ደርሶኛል። «የምስማር ነጋዴ ዳኛ ሲሆን ወጥመዱ ሁሉ ሹል ነው» ብለሻል። እውነት ነው፣ ምስማር እሸጣለሁ። ግን አንቺን እስካሁን የወጋሽ የእኔ ምስማር አይደለም፣ የራስሽ ችኮላ ነው።

የገበታችን ሕግም እንዳለ ነው፦ የሞተ ያበላል። ገጸ ባሕሪው የሞተበት ሰው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ለሁላችንም ምግብ ሠርቶ ይመጣል። ፖስታ ቤት ሾርባ አይቀበልም ብላችሁ ለማምለጥ እንዳታስቡ።

አሁን ወደ ጨዋታው፦ ከሰመጠው ገዳም ደረጃ ራስ ላይ ቆማችኋል። ከታች የውሃ ድምፅ ይሰማል። በሩ ገርበብ ብሏል። ምን ታደርጋላችሁ?

ዳኛችሁ ሚሎ ሃቭሊክ


ተልሳ፣ ኦክላሆማ
ዲሴምበር 4 ቀን 1983

ለሚሎ፣

ደብዳቤህን ማርሊስ ድምፅህን እያስመሰለች ነው ያነበበችልኝ። ሳልህን ሳይቀር ጨመረችበት። ሥራ አግኝቻለሁ፣ ቧንቧ መበየድ ነው፤ ክፍያው ደህና ነው፣ ሰዉም መጥፎ አይደለም። ገና ሊደርስ ነው፣ እዚህ ሰው በሸሚዝ ይሄዳል። ዓርብ ዓርብ ዓሣ የሚጠበስበት ቤት ፈልገን አጣን። ማርሊስን ትንሽ ደከም ብሏታል፤ ሐኪሙ ደም ማነስ ነው ብሎ ኪኒን ሰጥቷታል። የሚያሳስብ አይደለም።

ወደ ቁም ነገሩ። ሞት ይቅር አላልኩም። እኔ ያልኩት፣ አንድ ክፍል ሰው ሊገድል ከሆነ አስቀድሞ ምልክት ያሳይ ነው፦ የተቃጠለ ግድግዳ፣ አጥንት፣ ሽታ፣ አንድ ነገር። ምልክቱን አይቶ የገባ ሰው ቢሞት ጥፋቱ የራሱ ነው። ምልክት ከሌለ ግን ዳኛው ተጫዋቹን እየፈተነ አይደለም፣ እያደባበት ነው። ይህን ደግሞ ፔግም ታምንበታለች፣ ጠይቃት።

ብሮም በዱላው ወለሉን እየፈተሸ አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳል።

ኖርበርት

ሚሎ፣ እኔ ነኝ። ባሌ ወለሉን ፈትሾ እስኪጨርስ እኔ አረጃለሁ። ኮሸሽላ ዘልላ ትገባለች! ምን አለ ብትሞት? ቡያ እሠራላችኋለሁ፣ ያንን የሰፈራችንን ወፍራም ሾርባ። ዶሮው፣ የበሬ ጅራቱ፣ ጎመኑ በእኔ፤ ማማሰሉ በኖርብ። ድስቴን ይዤው ነው የመጣሁት፣ እዚህ አገር ሰው ለመታጠቢያ የሚሆን መስሎት ያየዋል። ኪኒኑን ደግሞ ለድመቷ ነው የምሰጠው። ውሸቴን ነው፣ ለኖርብ እንዳትነግረው። — ማርሊስ


ማኒቶዎክ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1984

ለኖርብና ለማርሊስ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ቅዳሜ የሆነውን ብታዩ! «ዘልላ ትገባለች» የሚለውን ሳነብ ኤልሮይ ገና ስሟን ሳይጠራ ዳይሱን ወረወረው። ዐሥራ ሰባት! ኮሸሽላ ውሃው ውስጥ በነበረው ዕውር ዘንዶ ጀርባ ላይ አረፈች። ከዚያም ኋላ በላካችሁት ተጨማሪ ወረቀት ላይ «የገጠማትን አትወጋም፣ ታክማለች» ብላችሁ ስለነበር ዘንዶውን አልወጋችውም፤ ዓይኑን አከመችለት። እኔ ለዚህ የሚሆን ምንም አላዘጋጀሁም ነበር። ዘንዶው ፊቷን ላሳት። ፔግ ከሳቋ ብዛት ከወንበሯ ወደቀች።

ኖርብ፣ ስለ ምልክቱ አሸንፈኸኛል። ፔግም ካንተ ጋር ናት፣ ኤልሮይም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ሐሳብ ነበረው። ከእንግዲህ የሚገድል ክፍል ሁሉ ምልክት ይኖረዋል። ቃሌ ነው። ማየት ግን የእናንተ ፋንታ ነው።

በተጨማሪው ወረቀት እንዳልከው ማርሊስን ሌላ ሐኪም ዘንድ ልትወስዳት ማሰብህ ጥሩ ነው። ለምን እኔን እንደጠየቅከኝ ግን አልገባኝም። እኔ የማውቀው ምስማር ነው። ይልቅ ማርሊስ፣ ተኝተሽ ክረሚና ቶሎ ጻፊልን።

ዘንዶው መንገድ ከፍቶላችኋል። ከፊታችሁ ረጅም መተላለፊያ አለ። ምን ታደርጋላችሁ?

ሚሎ


ተልሳ
ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1984

ለሚሎ፣

መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። የዘንዶውም፣ ኋላ ለምን ጠፋችሁ ያልክበትም ደብዳቤ ደርሰውኛል። ሥራ በዛብኝ። ማርሊስ ሰላም ትልሃለች። እጇ ስላልተመቻት በእሷ ፈንታ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ኮሸሽላ ከእንግዲህ ከኋላ ትሆናለች። ፋኖሱን ትይዛለች። ማንም አይነካትም፣ እሷም ማንንም አትነካም። ብሮም ከፊት ሆኖ እየፈተሸ ይሄዳል። ሌላ የምትሠራው ነገር የለም። ይህንን በደንብ አንብብላቸው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። በደንቡ መሠረት የብሮምን ጉልበት ቀንሶ ለኮሸሽላ መስጠት ይቻላል? የእሱ ነጥብ ይቀነስና የእሷ ይጨመር። መጽሐፉን ሳገላብጥ ስለዚህ የሚል አላገኘሁም። አንተ ታውቅ ይሆናል ብዬ ነው።

ኖርበርት


ማኒቶዎክ
ማርች 3 ቀን 1984

ለኖርብ፣

አይቻልም። መጽሐፉ የማይለው ስለማይቻል ነው። የአንዱን ዕድሜ ለሌላው መስጠት ቢቻል ኖሮ ማን ይሞት ነበር? ጨዋታው እዚያው ላይ አለቀ ማለት ነው።

ደግሞ ምን ነካህ? ከግርጌ አረንጓዴው የት ሄደ? ሴት እጇን ቢያማት ባሏን እየሰደበች ታስጽፋለች እንጂ ዝም አትልም፣ ያውም ማርሊስ። ደንቡ የሌላውን ገጸ ባሕሪ መጫወት የሚፈቅደው ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው። ፈቅዳልሃለች? እኔ እጠራጠራለሁ። ፔግ «ኮሸሽላ መቼ ነው ፋኖስ ያዥ የሆነችው?» ብላ አኩርፋ ነው የሄደችው። ያቺ በዘንዶ ጀርባ ላይ የምትዘል ሴትዮ ከባሏ ኋላ ተደብቃ ስትሄድ ማየት ለእኛም አይጥመንም። ልክ አይደለም፣ ኖርብ። የሰውን ሰው ወስደህ ፈሪ አደረግከው።

ማርሊስ፣ ይህንን ካነበብሽ ሁለት ቃል ጻፊ። በግራ እጅሽም ቢሆን።

መተላለፊያው ወደ ግራ ይታጠፋል። ምን ታደርጋላችሁ?

ሚሎ


ተልሳ
ማርች 25 ቀን 1984

ሚሎ፣

ፈሪ አልሆነችም። ዝም ብላ ቆማ ፋኖስ ብትይዝ አንተን ምን ጎደለህ? በየሳምንቱ አንድ ሰው ካልሞተ ምሳ አይወርድልህም? ካርታ ስትሥል አንድ ቀን እንኳ ሰው ገብቶ በሰላም የሚወጣበት ክፍል ሥለህ ታውቃለህ? የሚቀመጥበት፣ እሳት የሚሞቅበት? የጀብዱ አሠራር አውቃለሁ ትላለህ። አሥር ዓመት ሙሉ የሠራኸው መግደያ ብቻ ነው።

ፈቅዳልኛለች። ደግመህ አትጠይቀኝ።

ብሮም ይፈትሻል። ኮሸሽላ ከኋላ ናት። ፋኖሱን ይዛለች። እንደ በፊቱ።

ኖ.


ማኒቶዎክ
ኤፕሪል 15 ቀን 1984

ለኖርብ፣ በተለይም ለማርሊስ፣

ደብዳቤህ አስቆጥቶኝ ነበር፣ አሁን በርዶልኛል። በረዶውም ቀልጧል፤ ኤልሮይ ጀልባውን ቀለም እየቀባ ነው።

እንግዲህ ሰምታችሁ አትደንግጡ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሰልፍ ለሚሄድ ቡድን አንድ ክፍል ሠራሁ። ምን ላድርግ፣ ዳኛ ነኝ፤ ተጫዋች ሲተኛ መቀስቀስ ሥራዬ ነው። ከፊት ያለውን ሰው ወለል አይነካውም። ጣራው ነው የሚወድቀው፣ ያውም ከኋላ ፋኖስ ይዞ በሚቆመው ላይ። በቃሌ መሠረት ምልክት ነበረ፦ ከላይ የተሰነጠቀ ድንጋይ፣ ከስንጥቁ የሚዘንብ አቧራ፤ ፋኖሱ ላይ ሲያርፍ የሚጨስ። ሦስት ጊዜ አነበብኩላቸው። ፔግ «ቀና በሉ!» ብላ ጮኸች፣ ግን ያንተ ወረቀት የሚለው «ብሮም ወለሉን ይፈትሻል» ነው። ወለሉ ደህና ነበር፣ ኖርብ።

ለመዳን ዐሥራ አራት ያስፈልግ ነበር። ኤልሮይ «ማርሊስ ዴልቮ!» ብሎ ጠርቶ ጣለ። ሦስት ወጣ።

ኮሸሽላ ሞታለች። አዝናለሁ፣ ግን በትክክል ነው የሞተችው። ማርሊስ፣ አሁን እጅሽ ቢያምሽም ባያምሽም መጻፍሽ አይቀርም፤ የስድቡን ዶፍ ጃንጥላ ይዤ እየጠበቅኩ ነው። ደግሞ ሕጉን አትርሺ፦ የሞተ ያበላል። ቡያ አለብሽ። ትልቁን ድስት።

ሚሎ


ተልሳ
ኤፕሪል 29 ቀን 1984

ሚሎ፣

ማርሊስ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ሞተች።

ደም ማነስ አልነበረም፣ የደም ካንሰር ነበር። ሁለተኛው ሐኪም ሲያያት ከደሟ አልፎ አጥንቷ ገብቶ ነበር። ያንተ የዘንዶው ደብዳቤ የደረሰን ሆስፒታል እያለች ነው። ደጋግማ አስነበበችኝ። ፊቷን ላሳት የሚለው ቦታ ላይ ስትስቅ ነርሷ መጥታ ተቆጣችን።

ለምን አልነገርከኝም ትለኝ ይሆናል። ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። «ማርሊስ» ብዬ ጀመርኩና እጄ አልሄድ አለኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ታየኝ፤ እናንተ አታውቁም። ማኒቶዎክ ውስጥ፣ ያንተ ምድር ቤት፣ ኤልሮይ በየቅዳሜው ስሟን ጠርቶ ዳይስ ይጥልላታል። እዚህ የለችም፣ እዚያ ግን አለች። ፋኖስ ይዛ ከኋላዬ ትሄዳለች። እኔ ካልነገርኳችሁ አትሞትም። ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ጀግና እንድትሆን አልፈለግኩም። እንድትቆይ ብቻ።

እዚህ የቀበራትን ሰው ብታይ፣ ከሥራ ቦታዬ የመጡ ሰዎች ናቸው፣ አንዳቸውም አያውቋትም። ቄሱ ስሟን ተሳሳተ። አላረምኩትም።

ምልክት ነበረ ብለሃል። አውቃለሁ። ቤታችንም ነበረ። ሸሚዝ ስታጥብ ቁጭ ትል ነበር፣ ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆም ነበር፣ ክንዷ ላይ ሰማያዊ ሰማያዊ ምልክት ይወጣባት ነበር። እኔ ሥራው ነው፣ ቤት ኪራይ ነው፣ መኪናው ነው እያልኩ ወለል ወለሉን ስፈትሽ ከረምኩ። ቀና ብዬ አላየሁም።

ስለ ዳይስ አትጻፍልኝ።

ኖርበርት


ማኒቶዎክ
ሜይ 5 ቀን 1984

ኖርብ፣ ወንድሜ፣

ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤህን ሱቅ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር፣ ትቼው ወጣሁ። እስከ ሐይቁ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፈሪ አደረግካት ብዬ የጻፍኩበትን እጄን በቆረጠው! ጃንጥላ ይዤ እጠብቃለሁ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንተም ይቅር በለኝ።

ለኤልሮይና ለፔግ ነገርኳቸው። ፔግ ወዲያው «የታመመው የእሷ እጅ ሳይሆን የእሱ ልብ ነበር፣ እንዴት አላየንም» አለች። ኤልሮይ ዳይሱን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ከእንግዲህ አልጥልም አለ። ስሟን ጠርቼ የገደልኳት እኔ ነኝ እያለ ነው።

አትጻፍልኝ ብለሃል፣ ግን ይህን አንድ ነገር ልጻፍ። እንመልሰው። ቅዳሜው እንዳልነበረ ይሁን። ጣራው አልወደቀም፣ ዳይሱ አልተጣለም። ኮሸሽላ ፋኖሷን ይዛ ትኑር፤ እኔ ዳኛ እስከሆንኩ ድረስ ማንም አይነካትም። መልሼ አላውቅም ብዬህ ነበር። አሁን እመልሳለሁ። ደንቡ ገደል ይግባ። ሦስታችንም ተስማምተናል። አንተ እሺ በል ብቻ።

ሚሎ


ተልሳ
ሜይ 20 ቀን 1984

ለሚሎ፣

ደብዳቤህን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። እሺ ልልህ ነበር፣ እውነቴን ነው። ወረቀቱንም ጽፌ ነበር፣ ቀደድኩት።

ያኔ ትዝ ይልሃል፣ ገና ስንጀምር፣ የማርሊስ የመጀመሪያ ገጸ ባሕሪ ድልድዩ ላይ ስትወድቅ አንተ አዝነህላት «ግድ የለም፣ አንዴ ድገሚ» ያልካት? ዳይሱን አንስታ በመስኮት የወረወረችው? «ሚሎ ሃቭሊክ፣ እኔን እንደ ሕፃን ካየኸኝ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልመጣም!» ብላህ፣ አንተ በረዶ ውስጥ ተንበርክከህ ዳይስ ስትፈልግ አመሸህ። ደንብህ የመጣው ከዚያ ቀን ነው። የሠራችው እሷ ናት። ለእሷ ብለህ ብታፈርሰው ምን ትለኝ?

ስለዚህ ይቁም። ሦስት ወጥቷል፣ ሦስት ነው። ለኤልሮይ ንገረው፣ ዳይስ ነው የጣለው፣ ሌላ ምንም አላደረገም። አንተም ካልጠፋ ነገር ያላወቅከውን ዕዳ አትሸከም። ተቆጥቼህ ነበር፣ አሁን አይደለሁም።

ግን የሞተ ያበላል። ዕዳዋን ይዛ እንድትሄድ አልፈልግም። ጁን 16 ቅዳሜ ነው፤ ድስቱን መኪናው ላይ ጭኜ እመጣለሁ። ቡያውን እዚያው ግቢህ ውስጥ እንጨት አንድጄ እሠራለሁ። የእሷን አሠራር አላውቅም፣ ያየሁትን ያህል እሞክራለሁ። ጎድጓዳ ሳሕን አዘጋጁ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ኮሸሽላን ቅበሩልኝ። እንደ ጨዋታ ሳይሆን በደንብ። እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር በሉላት። እዚህ ስለ እሷ የተናገረ ሰው የለም፣ እናንተ ግን ታውቋታላችሁ።

ኖርበርት


ማኒቶዎክ
ጁን 21 ቀን 1984

ለኖርብ፣

በሰላም ገባህ? ያ መኪና ኢሊኖይን ያልፋል ብሎ ያመነ አልነበረም።

ድስቱን ረስተህ ሄድክ። ምድር ቤት ከደረጃው ሥር አስቀመጥኩት። ልላክልህ ብዬ ፖስታ ቤት ጠየቅኩ፣ ሰውየው ሳቀብኝ።

ቡያው ጨው በዝቶበት ነበር። አንተ ራስህ «ማርሊስ ብትኖር በማማሰያው ትለኝ ነበር» እስክትል ድረስ ማናችንም አልተናገርንም። ከዚያ በኋላ ሳቅን፤ ኤልሮይ ሲስቅ ቆይቶ ማልቀስ ጀመረና አልቆም አለው፣ እኛንም ይዞን ሄደ። ድስቱ ግን ባዶ ነው የቀረው። ፔግ ሦስት ጊዜ ጨምራለች።

የኮሸሽላን ወረቀት የሞቱ ገጸ ባሕሪያትን ወረቀት በምንሰቅልበት የምድር ቤቱ ምሰሶ ላይ መታሁት፣ ከሌሎቹ ሙታን በላይ። ከሱቁ ያለኝን ምርጥ ምስማር ነው የተጠቀምኩት። ብትኖር ለዚህም አንድ ስድብ አታጣም ነበር።

አንተ ከሄድክ በኋላ ዳይሱን ኤልሮይ ፊት አስቀመጥኩለት። አልነካውም፣ ግን ገፍቶም አልመለሰልኝም። ካንተ ደብዳቤ ከመጣ እጥላለሁ ብሏል።

ክፍልም ሠርቻለሁ። ሰው ገብቶ እሳት የሚሞቅበት ክፍል፣ ያልከኝን። የት እንዳለ አልነግርህም፣ ግን አለ። እዚያ የሚደረሰው በአንድ በር በኩል ነው።

ብሮም ከፍርስራሹ ፊት ብቻውን ቆሟል። ፋኖሱ ወድቋል፣ ግን አልጠፋም። በሩ ከፊቱ ነው። ከበሩ ወዲያ ጨለማ ነው። ምን ታደርጋለህ?

ሚሎ


ተልሳ
ጁን 30 ቀን 1984

ለሚሎ፣

ድስቱ እዚያው ይቀመጥ፤ ከሞትኩ ያስፈልገኛል። ኤልሮይ ዳይሱን ያንሳ።

ብሮም ፋኖሱን ያነሳል። አንዴ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። ወለሉን አይፈትሽም። ዘልሎ ይገባል።

ኖርበርት